በደቂቃ ስንት ጠብ

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከቁም ሣጥን እጥረት ነው። ትምህርት ቤቱ የሰላም ክበብና የውሃ ቁጠባ ክበብ የሚባሉ ሁለት ክበቦች ነበሩት፤ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ግን አንድ ብቻ። ርዕሰ መምህሩ መላ አያጣምና አንድ ማለዳ በሰልፍ ላይ ሁለቱን ክበቦች አጋባቸው፤ «የሰላምና የዘላቂ ልማት ክበብ» የሚል ስምም አወጣላቸው። ሙሽሮቹን የሚመራ መምህር ሲፈለግ ዕጣ ተጣለ። ዕጣው የወጣው ለሥነ ዜጋ መምህርቷ ነው። ዕጣ ይባል እንጂ ባርኔጣው ውስጥ የነበረው ወረቀት አንድ ነው።

መምህርቷ ስለ ሰላም ስታስተምር ድንጋይ ታለሰልሳለች ይባልላታል። በእሷ ክፍለ ጊዜ ቡጢ የጨበጠ ልጅ ቡጢውን ፈትቶ እጁን ለጥያቄ ያወጣል። ከገዛ ወንድሟ ጋር ግን ከተነጋገረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ወንድሟ ሩቅ ሰው አይደለም፤ የዚያው ትምህርት ቤት ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ከኋላ ኪሱ ተለይታው ስለማታውቅ ተማሪዎቹ «ጋሼ አሥራ ሰባት» ይሉታል። ታላቋ ነው። በደጉ ዘመን እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለው ነበር፤ እሱ «እታለም» ይላት ነበር። አሁን በአንድ ግቢ ውለው፣ በአንድ ቤት ገብተው፣ አንድ ገበታ ቀርበው የሚነጋገሩት በእናታቸው በኩል ነው።

«እማዬ፣ ጨዉን ያቀብለኝ በይው» ትላለች። ጨዉ ከክርኑ ሥር ነው።

«እማዬ፣ እጅ የላትም ወይ በያት» ይላል።

እናትየው እንደ ስልክ ማዞሪያ ግራና ቀኝ ከዞሩ በኋላ «አላት» ይሉና ጨዉን ራሳቸው ያነሣሉ።

ሰው ምን ሆናችሁ ሲላት «እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ አኮረፈኝ» ትላለች። ውሸቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰባተኛ ክፍል ሲረብሽባት «ካልተማራችሁ ዕድሜ ልካችሁን የሰው ቧንቧ ስታጠብቁ ትኖራላችሁ» ብላ ነበር። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ከመስኮቱ ውጭ ሲንቋቋ የነበረ የመፍቻ ድምፅ ቆመ። እሷን እዚያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያቆመቻት ያችው መፍቻ ናት፤ አባታቸው ሲሞት ታላቁ ከትምህርት ወጥቶ ቧንቧ ያዘ፣ ታናሿ ደብተር ያዘች። ድምፁ ሲቆም ሰምታለች። ቀና ብላ ግን አላየችም። ካየች ይቅርታ ማለት ይመጣል፣ ይቅርታ ካለች ማለቷን ማመን ይመጣል። ስለዚህ ወደ ሰሌዳው ዞራ «የመቻቻል ጥቅሞች» ብላ ጻፈች።

ክበቦቹ በተጋቡ በሳምንቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከሥሩ ቅጽ ተያይዟል፤ ርዕሱ «የጠብ መከታተያ ቅጽ» ይላል።

ፊደላችን ጸጋው ብዙ ነው፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን አይጽፍም። «ጠብ» ላልቶ ሲነበብ ሰው ከሰው የሚጣላው ነው። ጠብቆ ሲነበብ ከቧንቧ አፍ የሚወርደው ነው። ቧንቧ ሲላላ ያንጠባጥባል፤ ቃሉ ግን የሚያንጠባጥበው ሲጠብቅ ነው። መምህርቷ የሥነ ዜጋ ሰው ናትና አላልታ አነበበችው።

ቅጹ የሚጠይቀው ብዙ ነበር። ጠቡ የሚታይበት ቦታ፤ ጠቡ የጀመረበት ቀን፤ ጠብ በደቂቃ በቁጥር፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል ወይስ አልተቀመጠም፤ የተጠራቀመው ለምን አገልግሎት ዋለ፤ ጠቡን ለማስቆም ምን እርምጃ ተወሰደ። ባልዲው ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆም አለች። ርዕሰ መምህሩን ብትጠይቀው፣ አዲስ ዘዴ ነው፣ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ቅጹ ባልዲ ካለ ባልዲ ነው አላት። የቋንቋ መምህሩ ከመነጽሩ በላይ አየና የሰው ጠብ የሚጻፈው በ«ጸ» ነው፣ ይህ ሌላ ነገር መሆን አለበት አለ። የታሪክ መምህሩ በ«ጠ»ም ይጻፋል አለ። አይጻፍም፣ ይጻፋል ሲባባሉ ድምፃቸው ሰገነቱ ላይ ያሉትን እርግቦች አስነሣ። በተራ ቁጥር አንድ ተመዘገቡ፤ ነገሩም በዚያው ተቆረጠ።

የክበቡ ሊቀ መንበር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ሰው ሲያዛጋ እንኳ ሰዓቱን ስለምትጽፍ «ቃለ ጉባኤ» ትባላለች። እሷ አባላቱን በሦስት በሦስት አደራጀቻቸው፤ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዷ ባልዲ ትይዛለች፣ አንዱ ይጽፋል። የትም ቦታ ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ካደረገ ሦስቱ ይደርሳሉ። ባልዲው ከተጣሊዎቹ አገጭ ሥር ይደረጋል። የተባለው ሁሉ በቁራጭ ወረቀት እየተጻፈ ባልዲው ውስጥ ይገባል። ሁለት የስድስተኛ ክፍል ልጆች በላጲስ ተጣልተው በደቂቃ አርባ ሁለት ተመዘገበላቸው፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙ አያትን የሚመለከት ነበር።

የተጠራቀመው ለምን ዋለ ለሚለውም መልስ አላጡም። ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ይረጥባል፣ ከደረቅ ቅጠል ጋር ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ይከደናል። በሁለተኛው ወር በዚያ ማዳበሪያ ቲማቲም ተተከለ። ስድብ የበላ ቲማቲም ይጎመዝዛል ብሎ የፈራ ነበር፤ አልጎመዘዘም። የስፖርት መምህሩ በተፈጥሮው ጠብ ያለሽ በዳቦ የሆነ ሰው ነው፤ ለጉድጓዱ ከሁሉ የበለጠ ያዋጣው እሱ ነበር። ከፍሬው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጎረሰ። ቃሉን በላ የሚባለው እንግዲህ ይኼ ነው ተብሎ ተሳቀበት።

ዘዴው የሠራው ግን በማዳበሪያው አይደለም፤ በባልዲው ነው። ሰው ከአገጩ ሥር ባልዲ ተይዞለት፣ ከጎኑ «አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት» እየተባለ እየተቆጠረለት መሳደብ አይሆንለትም። ይቅለሰለሳል። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን በስልክ ከአንድ ወላጅ ጋር ሲጨቃጨቅ በሩ ተከፍቶ ባልዲው ገባ። ከእኔም ሥር ነው ወይ አለ። ቅጹ ሰው አይለይም አለችው ቃለ ጉባኤ። ስልኩን በሰላም ዘጋ።

ከዚያ በፊት፣ በመጀመሪያው ወር፣ ልጅቷ ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ መጥታ መዝገቡን ዘርግታ ነበር።

«ቲቸር፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ፊርማ ይጎድላል።»

መምህርቷ አነበበች። «ቲቸር እና ጋሼ አሥራ ሰባት። ቦታ፦ መላው ግቢ። የጀመረበት፦ ሰባተኛ ለ እያለን። በደቂቃ፦ ዜሮ።» ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እስክሪብቶዋን አንሥታ መስመሩን በሙሉ ሰረዘችና ከጎኑ «ጠብ አይደለም፤ ኩርፊያ ነው» ብላ ፈረመች። ልጅቷ የተሰረዘበትንም ሰዓት ጻፈች።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ የትምህርት ቤቱ ጠብ ዜሮ ገባ። ሪፖርቱ ተላከ።

መልሱ በማሸጊያ ተጠቅልሎ፣ ከነመስተዋቱ መጣ። የምስክር ወረቀት ነው። ትምህርት ቤቱ በሦስት ወር ውስጥ ጠብን ከሥሩ አድርቆ ስልሳ አንድ ሺህ ሊትር ስላተረፈ አርአያ ተብሏል። ርዕሰ መምህሩ ከፊደል ይልቅ ማኅተም የሚያነብ ሰው ነውና ወዲያው ምስማር አስመታለት። ሁለተኛው ገጽ ግን አጭር ነበር። ጠብ በሌለበት ትምህርት ቤት የቧንቧ ሠራተኛ ስለማያስፈልግ፣ ሠራተኛው ከመጪው ወር መጀመሪያ አንሥቶ ጠብ ወደበዛበት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሯል። ቦታው በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

መምህርቷ ገጹን ሦስት ጊዜ አላልታ አነበበችው። በአራተኛው ጠበቀባት።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጣ ሄደች። እኛ የላክነው የሰው ጠብ ነው፣ እነሱ የቆጠሩት የውሃ ነው፣ ስህተት መሆኑ ይጻፍ አለችው። እሱ ወደ ግድግዳው አየ። ያ መስተዋት ከተሰቀለ በኋላ ስህተት ነበር ብሎ መጻፍ መስተዋቱን መስበር ነው፣ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጠብ የሚል ነገር የለም አላት። ይህን ሲላት ራሱ የትኛውን «ጠብ» እንዳለ ለአፍታ ግራ ገባው። ከዚያ አንድ ተስፋ ሰጣት። ሐሙስ አንድ ባለሙያ ለማረጋገጥ ይመጣል፤ እሱ በዓይኑ አንድ እንኳ ጠብ ካየ ዝውውሩ ይታገዳል።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ወንድምየው ጨዉን ወደ ገበታው መሃል ገፋ።

«እማዬ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ጨዉን ራሷ ታንሣ በያት። ሩቅ ነኝ።»

እናትየው አልዞሩም። «ይኼን እንኳ ራስህ በላት» አሉ። አላላትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ጨዉን ራሷ አንሥታ ወጧ ላይ ነሰነሰች።

እንግዲህ ቀላሉ መንገድ ቧንቧ ማላላት ነው። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ወደ እጅ መታጠቢያው ገንዳ ሄዳ፣ አራተኛውን ቧንቧ በሁለት እጇ ታግላ አላላችው። ማንጠባጠብ ጀመረ። ከምሳ በኋላ ስትመለስ ጠብቋል። ማክሰኞም አላላችው፤ ደወል ሳይደወል ጠብቋል። ረቡዕ ጭራሽ ከውስጥ ውሃውን የሚያግደው ጎሚኒ ተቀይሮ፣ አፉ በጨርቅ ተወልውሎ አገኘችው። ወንድሟ በዚያ ሲያልፍ እጁ ራሱ ነበር የሚሄደው። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው አንድ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ትቶ አልፎ አያውቅም። ለእንጀራው ሲል እንኳ አይተውም፤ ይኼ ጠባዩ እናቱን የሚያኮራ፣ እህቱን ደግሞ በዚያ ሳምንት የሚያሳብድ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ቃለ ጉባኤን አስጠራቻት። መዝገቡን ተቀብላ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባትን አወጣች። ስርዙን እንዴት መሰረዝ እንደሚቻል ጠየቀቻት። ልጅቷ አስባ፣ ከሥሩ «ተመልሶ ጸንቷል» ተብሎ ይጻፋል አለች። ተጻፈ።

ሐሙስ ባለሙያው መጣ። ወጣት ነው፤ በሩቅ አገር አሥራ አንድ ዓመት ተምሮ ከተመለሰ ዓመቱ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም፤ ወንበር ሲሰጡት ይዞረዋል። የሚነገረውን ሁሉ «እርግጠኛ ናችሁ?» ይላል፤ ትምህርት ቤት ነው ሲሉትም እንዲሁ ብሎ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ምላሱ ማጥበቅን ረስቷል፤ ሁሉንም አላልቶ ነው የሚናገረው። ከበሩ ሲገባ ለዘበኛው «ግቢያችሁ ሰፊ ነው» ሲለው ዘበኛው ልብስ ሰፊው የት አለ ብሎ ዞር ዞር አለ።

ርዕሰ መምህሩ ጠብ እርግፍ እያለ አስጎበኘው። ባለሙያው ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ። ደረቅ ናቸው። ከዚያ መዝገቡን አየ፣ ገጽ ገለጠ፣ ላጲሱንና አያቶቹን አነበበ፣ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ቅጹን የተረጎምኩት እኔ ነኝ አለ። ሁለት ቅጽ ነበር፤ አንዱ የውሃ፣ አንዱ የሰው። ሁለቱም ርዕሳቸው ሲጻፍ አንድ ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ አንድን ቅጽ ሁለት ጊዜ ማባዛት ብክነት ነው ብላ፣ ወረቀት ለመቆጠብ አቀላቀለቻቸው። የቱ ገጽ ከየትኛው እንደሆነ አሁን እኔም አላውቅም። አንዳንዴ ሳስበው ሁለት መሆናቸውንም እጠራጠራለሁ አለ።

መምህርቷ በዚች ቀዳዳ ገባች። እንግዲያው የሰውም ቢሆን ጠብ ነው አለችው፤ አንድ ያልደረቀ አለን። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባትን አሳየችው።

ባለሙያው አነበበ። «በደቂቃ ዜሮ ነው የሚለው። ዜሮ ከሆነ ጠብ አይደለም፤ የደረቀ ነው። ካላየሁና ካልቆጠርኩ መጻፍ አልችልም።»

ወንድምየው ከቤተ ሙከራው ጣሪያ ተጠርቶ መጣ፤ እጁን በሱሪው እየጠረገ። ሁለቱ በእጅ መታጠቢያው ገንዳ አጠገብ ፊት ለፊት ቆሙ። ቃለ ጉባኤ ባልዲውን መሃላቸው አደረገች። ባለሙያው ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ያዘ።

ግማሽ ደቂቃ አለፈ። ወንድምየው አራተኛውን ቧንቧ ያያል። እሷ ባልዲውን ታያለች። ለካ ሰው ለሁለት ዓመት ያልተናገረውን ተናገር ሲሉት የሚቀለው መሸሽ ነው። ባለሙያው አጎንብሶ እርሳሱን ዜሮው ላይ ሊያሳርፍ ሲል፣ ከአፏ የወጣው ያላሰበችው ነው።

«ደረቅ ነህ አንተ።»

«አንድ» አለች ቃለ ጉባኤ። ባለሙያው ደቂቃውን እንደገና ከዜሮ ጀመረ።

ወንድምየው ግራና ቀኝ አየ። እናቱን ፍለጋ ነው። በዚያ አካባቢ የሉም። «ደረቅስ እሷ» አለ ለባልዲው።

ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። «በሦስተኛ ሰው የተነገረ አይቆጠርም። ከየት ወደየት እንደፈሰሰ አይታወቅም።»

ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ቧንቧ ሲከፈት መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ውሃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድምየው አፉን ከፍቶ መጀመሪያ ተነፈሰ።

«አንቺ» አለ። «አንቺ ነሽ ደረቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሆንክ ብለሽ ጠይቀሽኛል?»

«ምን ብዬ ልጠይቅህ? አውቀው የለም እንዴ።»

«ምኑን?»

«መስኮቱ ሥር ነበርክ። ሰባተኛ ክፍል። መፍቻህ ሲቆም ሰምቻለሁ።»

ባለሙያው ሰዓቱን አየ፤ ዝምታው ቁጥሩን እያበላሸበት ነው። ወንድምየው መፍቻዋን ከኋላ ኪሱ አወጣና መልሶ ከተታት።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔኮ አላወቀችም ብዬ ነው የቻልኩት» አለ፤ ድምፁ አሁን እየጨመረ ነው። «አምልጧት ነው፣ ብነግራት በሐፍረት ትሞታለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ለካ አውቀሽ ነው ፊቴ ተቀምጠሽ ጨው የምታዥኝ!»

«ይቅርታ ልልህ ነበር።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

«በማን በኩል? በእማዬ በኩል?»

«አንተስ እሄዳለሁ ስትል በማን በኩል ነው የነገርከኝ? ሁለት ቀን መንገድ! እኔ ከየት ልሰማው ነበር፣ ከአውቶቡሱ?»

«ብሄድ ምን ገደደሽ? የሰው ቧንቧ ማጥበቅ የትም አንድ ነው።»

«ገደደኝ። ባይገደኝ ያንን ቧንቧ ሦስት ቀን ሙሉ አላላው ነበር?»

ወንድምየው ደንግጦ አራተኛውን ቧንቧ አየ፤ ከዚያ እሷን። እስካሁን የተቆጣው ቁጣ ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቁጣ አልነበረም።

«አንቺ ነሽ? ጥርሱን በላሽውኮ! እኔ ደግሞ የየትኛው ጎረምሳ ጉልበት ነው እላለሁ። ስንት ጊዜ አሳይቼሻለሁ፣ ልጅ ሆነሽ፣ እቤት፣ በሁለት ጣት ነው የሚላላው፣ እታለም፣ በሁለት ጣት! በክንድ ያለሽ ማን ነው?»

«አስተማሪዬ ሄዶብኛላ!»

«ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ፣ አርባ አንድ» ትላለች ቃለ ጉባኤ። «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ቀስ፤ ጸሐፊው አልደረሰም።»

ደቂቃው ሞላ። እነሱ ግን አልሰሙም፤ ከቧንቧው ወደ ጎሚኒው፣ ከጎሚኒው ወደ አባታቸው የመሣሪያ ሣጥን፣ ከሣጥኑ አንድ ጊዜ እሷ ወደሰበረችበት የውሃ ልክ ተሻገሩ። ክፍሎች መስኮት ከፈቱ። ባለሙያው «ጠብ በደቂቃ፦ አርባ አንድ። ሠራተኛው አይነሣም» ብሎ ጻፈ። እርግጠኛ መሆኑን ግን ማንንም አልጠየቀም። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረ፤ እንዲህ ያለ ከባድ ጠብ በየሐሙሱ እየመጣሁ እለካዋለሁ፣ አንድ ቀን ዜሮ ከሆነ ዝውውሩ ይጸናል።

ሁሉም ሲበተን ቃለ ጉባኤ ባልዲውን ይዛ መምህርቷ ጋ መጣች። ቁራጮቹን መድባ ጨርሳለች። አንዲት ብቻ ቀርታባታለች።

«ቲቸር፣ ይቺ ስድብ ናት?»

ወረቀቷ ላይ በችኮላ የተጻፈ አንድ ቃል ነበር፤ «እታለም» ይላል። መምህርቷ ተቀበለቻት፣ አጠፈቻት፣ የመነጽሯ ማኅደር ውስጥ ከተተቻት።

«ይቺ ለማዳበሪያ አትሆንም» አለች።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ የጠብ ቀን ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልከበዱም፤ የሁለት ዓመት ዕዳ አለ። ችግሩ ቤት ውስጥ ነበር። ለሐሙስ ልምምድ ያስፈልጋል እየተባለ ምሳ ላይ ይጨቃጨቃሉ፣ ሲጨቃጨቁ ይስቃሉ፣ ሲስቁ ያንቃቸዋል። እናትየው ጆሯቸውን ይዘው ወደ ጓሮ መውጣት አመጡ። ልጆቼ ሲነጋገሩ ልይ ብዬ ሁለት ዓመት ተሳልኩ፣ ልክ ግን አልወሰንኩለትም ነበር አሉ ለጎረቤት። ክበቡ አንድ ባልዲ እንዲያውሳቸውም መልእክት ላኩ።

በዚህ መሃል ቁጥሩ ይወርድ ጀመር። ሠላሳ፤ አሥራ ስምንት፤ ሰባት። በስምንተኛው ሐሙስ ሁለቱ ገንዳው አጠገብ ሲቆሙ የሚጣሉበት ነገር አልቋል። ጨዉ ተነሥቷል፣ የውሃ ልኩ ተነሥቷል፣ የ«ጠ»ና የ«ጸ» ክርክር ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። ባለሙያው ሰዓቱን ያዘ።

«ዛሬ በምን እንጣላ?» አለ ወንድምየው በሹክሹክታ።

«እኔ እንጃ። አንተ አምጣ።»

«እኔም የለኝ።»

«የማይቆጠር ነው» አለች ቃለ ጉባኤ፤ ከፍቷታል።

ሠላሳ ሰከንድ አለፈ። አርባ። መምህርቷ አፏን ከፈተች፤ ስድብ ፈለገች፣ አጣች። ባለሙያው አጎነበሰ፣ እርሳሱን ዜሮው ቦታ ላይ አደረገ።

ያን ጊዜ ከጀርባቸው አራተኛው ቧንቧ፣ ያ እሷ ጥርሱን የበላችው፣ አፉ ላይ አንዲት ፍሬ ውሃ አሳበጠ።

ወንድምየው አየው። እጁ ወዲያው ወደ ኋላ ኪሱ ሄደ። መምህርቷ የእጁን አንጓ ያዘችው።

«ተወው፣ ወንድም ጋሼ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ተጠይቆ አያውቅም። ግንባሩ አላበው፣ ጣቶቹ መፍቻዋ ላይ ነጡ፤ እህቱን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ግን አላነሣም።

ውሃዋ ወደቀች። ባለሙያው ከቧንቧው ወደ ሁለቱ፣ ከሁለቱ ወደ ቧንቧው ተመለከተ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር እንደሚፈልግ ሰው ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

ቃለ ጉባኤ አላመነታችም።

«ጠብ አለ ይበሉ።»